ፕሮግራም መጻፍ አደራ መቀበል ነው

(በጅግጅጋ ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ማኅበር አባሎች የተደረገ ንግግር)




የማኅበሩ ሹማምንት «ስለ ሥራህ ንገረን» ብለው በጠየቁኝ ጊዜ አስቀድሞ የታሰበኝ፥ ይህን ሥራ በዚህ ከተማ ለማስረዳት ምን ያህል አስቸጋሪ እንደ ሆነ ነው። በጅግጅጋ አንድ ሰው ግመል ነጋዴ ነኝ፥ ሹፌር ነኝ፥ ወይም መምህር ነኝ ቢል ማንም ሌላ ጥያቄ አያቀርብለትም። «ፕሮግራም እጽፋለሁ» ያለ እንደ ሆነ ግን ግማሹ ሰው የቴሌቪዥን ፕሮግራም ይመስለዋል፤ ግማሹ ደግሞ ከኪሱ የተሰነጠቀ ስልክ አውጥቶ «እንግዲያውስ ይህን አብጅልኝ» ይላል። ስለዚህ ሥራችን ያልታወቀ ሥራ ነው። ያልታወቀ ሥራ ደግሞ ጥሩ ይሁን መጥፎ የሚመረምረው ስለሌለ፥ ሠራተኛው ራሱ መርማሪ ሊሆን ይገባዋል።

ንግግሬን በሦስት ከፍዬዋለሁ። አንደኛ፥ ፕሮግራም ማለት ምን እንደ ሆነ፤ ሁለተኛ፥ በዚህ በእኛ አካባቢ ይህን ሥራ የሚሠራ ሰው ምን ማወቅ እንዳለበት፤ ሦስተኛ፥ ሥራው ለሠራተኛው ሕይወት ምን እንደሚሰጠውና ምን እንደሚያስከፍለው እናገራለሁ። ሦስቱንም የሚያስተሳስረው አሳብ አንድ ነው፤ እርሱም ፕሮግራም መጻፍ አደራ መቀበል ነው የሚል ነው።

1ኛ. ፕሮግራም ምንድን ነው?

ኮምፒዩተር በዚህ አገር ከመታወቁ በፊት የዚህ አካባቢ ሕዝብ ፕሮግራም ነበረው ብል አትሳቁብኝ። ሐዋላን ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ብዙ የሶማሊ ተወላጆች ለሥራ ወደ ዓረብ አገሮች በሄዱ ጊዜ ለቤተ ሰቦቻቸው ገንዘብ የሚልኩት ይልቁንም በሐዋላ ነበር። ዛሬ በብዙ አገሮች የታወቀው ዳሐብሺል እንኳ እ.ኤ.አ. በ1970 በቡርኦ ከተማ በንግድ የተጀመረ ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። ላኪው ገንዘቡን በጅዳ ላለ ወኪል ይሰጣል። ወኪሉም እገሌ ለተባለ ሰው ይህን ያህል ክፈል ብሎ በመገናኛ ሬዲዮ፥ ኋላም በስልክና በፋክስ፥ ለባልንጀራው ያስተላልፋል። ተቀባዩ ሲመጣ የወዲህኛው ወኪል ስሙን ከነአባቱና ከነአያቱ ይጠይቀዋል። ስሙ ከተስማማ ይከፍለዋል፤ ከተጠራጠረ ስለ ላኪው ይጠይቀዋል፤ አሁንም ከተጠራጠረ የሚያውቀው ሰው ይዞ እንዲመጣ ያደርገዋል። በመጨረሻም በመዝገብ ይጽፋል፤ ወኪሎቹ ደግሞ ሒሳባቸውን በኋላ ይተሳሰባሉ።

ይህ እንግዲህ ፕሮግራም አይደለምን? መጀመሪያ ይህን አድርግ፥ ቀጥሎ ይህን አድርግ፥ እንዲህ ከሆነ ወደዚህ ሂድ፥ እንዲህ ካልሆነ ወደዚያ ሂድ፥ በመጨረሻም መዝግብ የሚል ትእዛዝ ነው። በመማሪያ ክፍል በብዙ ሰዓት የምንማረው ነገር አጥንቱ ይኸው ነው።

ሆኖም በሐዋላውና በኮምፒዩተሩ መካከል አንድ ትልቅ ልዩነት አለ። የሐዋላው ወኪል ሱቅ አለው። ቢሳሳት ባለገንዘቡ ሄዶ በሩ ላይ ይቆምበታል፤ ቢክድ ሽማግሌ ይቀመጥበታል፤ ዘመዶቹም ስለ እርሱ ያፍራሉ። ፕሮግራሙን የጻፈው ሰው ግን የት ነው? በሌላ ከተማ፥ ምናልባትም በሌላ አገር ነው። ባለጉዳዩ ስሙን አያውቅም፤ እርሱም የባለጉዳዩን ፊት አይቶ አያውቅም። ስለዚህ ፕሮግራም ማለት በስፍራው የሌለ ሰው አስቀድሞ የሰጠው ፍርድ ነው። ፈራጁ ተኝቶ ሳለ ፍርዱ ይሠራል፤ ሥራውን ለቆ ከሄደ በኋላም ፍርዱ ይሠራል።

ይህን የምለው ንግግር ለማሳመር አይደለም። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ የበረራ ቁጥር 302 ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ ሊሄድ በተነሣ በ6 ደቂቃ በቢሾፍቱ አቅራቢያ ወድቆ 157 ሰዎች አለቁ። ከዚያ አስቀድሞ፥ አምስት ወር እንኳ ሳይሞላ፥ በኢንዶኔዢያ አንድ ሌላ አውሮፕላን በባሕር ላይ ወድቆ 189 ሰዎች ሞተው ነበር። ሁለቱም ቦይንግ 737 ማክስ ነበሩ። በአውሮፕላኑ ውስጥ ኤምካስ የሚባል ሶፍትዌር ነበር፤ ሥራውም የአውሮፕላኑ አፍንጫ ከመጠን በላይ ቀና ያለ ሲመስለው ወደ ታች እንዲደፋ ማድረግ ነበር። ታዲያ ይህን የሚፈርደው በአንድ መለኪያ ምስክርነት ብቻ ነበር። መለኪያው ሐሰት በተናገረ ጊዜ ሶፍትዌሩ አልተበላሸም፤ የታዘዘውን በትክክል ፈጸመ። ጥፋቱ የነበረው በትእዛዙ ውስጥ ነው። አብራሪዎቹ መሪውን ወደ ላይ ሲስቡ፥ በዚያ ስፍራ የሌሉ ሰዎች ፍርድ ወደ ታች ይስባቸው ነበር።

የሐዋላው ወኪል ስለ አንድ ሺህ ብር ሲጠራጠር ሁለተኛ ምስክር ይጠይቃል። ስለ 157 ነፍስ የሚፈርደው ሶፍትዌር ግን ሁለተኛ ምስክር እንዲጠይቅ አልታዘዘም ነበር። ከዚህ የበለጠ የሙያችንን ክብደት የሚያስረዳ ነገር አላውቅም።

ሁለተኛው ምሳሌ ለእናንተ ለተማሪዎች የቀረበ ነው። መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ለሰባት አጥቢያ በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የደረሰውን ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። ለጥቂት ሰዓቶች ያህል ሰዎች በሒሳባቸው ከነበረው በላይ ገንዘብ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ፤ ወሬው በስልክ ከዩኒቨርሲቲ ወደ ዩኒቨርሲቲ በረረ፤ ተማሪውም ሌሊቱን በገንዘብ መክፈያው መኪና ፊት ተሰልፎ አደረ። ባንኩ ነገሩ ከውጭ የመጣ ጥቃት ሳይሆን ከራሱ የአሠራር ማሻሻያ ጋራ የተያያዘ ችግር መሆኑን ገለጠ። ያለ አግባብ የወጣው ገንዘብ ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ ነበር፤ አብዛኛው ቢመለስም፥ ያልመለሱት ሰዎች ስማቸውና ፎቶግራፋቸው ለሕዝብ እስከ መለጠፍ ደረሰ።

በዚያን ጊዜ ስለ ተማሪው ጠባይ ብዙ ተባለ፤ መባሉም ተገቢ ነበር። የሌላ ሰው ገንዘብ መሆኑን እያወቀ የወሰደ ሰው፥ የኮምፒዩተሩ መሳሳት ነጻ አያወጣውም። ግን በእኛ ሙያ በኩል የሚባለውም መቅረት የለበትም። «በሒሳቡ በቂ ገንዘብ አለ ወይ?» የሚለው ጥያቄ ማንም ባለሱቅ ለማንም ዱቤ ጠያቂ በልቡ የሚጠይቀው የመጀመሪያው ጥያቄ ነው። ያን ሌሊት ይህ ጥያቄ ለጥቂት ሰዓቶች እንደሚገባ ሳይጠየቅ በመቅረቱ፥ በብዙ ሺህ የሚቈጠሩ ሰዎች ባልጠበቁት ፈተና ላይ ወደቁ። መልካም ፕሮግራም ገንዘብን ብቻ ሳይሆን ሰውንም ከፈተና ይጠብቃል።

2ኛ. በእኛ አካባቢ ይህን ሥራ የሚሠራ ሰው ምን ማወቅ አለበት?

ፈራጅ የሚፈርድለትን ሰው ማወቅ አለበት። የምንማርባቸው መጻሕፍት በሌላ አገር የተጻፉ ስለ ሆኑ፥ በውስጣቸው የሚታሰበው ሰው የቤተ ሰብ ስም ያለው፥ የልደቱን ቀን በትክክል የሚያውቅ፥ የግሉን ስልክ የያዘ፥ በአንድ ዓይነት ገንዘብ ብቻ የሚገበያይ ሰው ነው። ከጅግጅጋ እስከ ቶጎ ውጫሌ ባለው መንገድ፥ በቀብሪበያህና በአውበሬ ገበያም ይህን ሰው ፈልጉትና ብታገኙት ጥሩኝ።

በመጀመሪያ ስምን እንውሰድ። ደገኛውም ሶማሊውም በስም አጠራር አንድ ነን፤ የራሳችንን ስም፥ ቀጥሎ የአባታችንን፥ ቀጥሎም የአያታችንን እንጠራለን እንጂ የቤተ ሰብ ስም የለንም። «የቤተ ሰብ ስም ይሙሉ» የሚለውን ቅጽ ሲያይ አንዱ የአባቱን፥ ሌላው የአያቱን ይጽፋል፤ ባልና ሚስትም ስማቸው ስለማይገናኝ ቅጹ እንግዳ ሰዎች ያደርጋቸዋል።

አጻጻፉ ደግሞ ከዚህ ይብሳል። ሐሰን የሚለውን ስም በሀሌታው፥ በሐመሩ ወይም በብዙኃኑ ልንጽፈው እንችላለን፤ ሀሰን፥ ሃሰን፥ ሐሰን፥ ኀሰን ተብሎ ይገኛል። ለአማርኛ አንባቢ ይህ ሁሉ አንድ ሰው ነው። ለኮምፒዩተር ግን አራት ሰው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1999 ፊደላችን ዩኒኮድ በተባለው የዓለም የፊደል መዝገብ በገባ ጊዜ እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቁጥር ተሰጥቶታልና። ሶማሊኛ ደግሞ ከ1965 ዓ.ም. ጀምሮ በላቲን ፊደል ይጻፋል፤ በዚያ አጻጻፍ ኤክስ የተባለው ፊደል እንደ ሐመሩ ሐ፥ ሲ የተባለውም እንደ ዓይኑ ዐ ይነበባል። የሚያስደንቀው ነገር፥ እኛ አማርኛ ተናጋሪዎች በድምፅ መለየት የተውናቸውን ሐንና ዐን ሶማሊኛ እስከ ዛሬ ይለያቸዋል። ፊደላችን የያዘውን ድምፅ የሚያውቀው ጎረቤታችን ነው።

እንግዲህ አንድ የጅግጅጋ ልጅ ስሙ በሦስት በር ያልፋል። በትምህርት ቤት በሶማሊኛ አጻጻፍ፥ በመሥሪያ ቤት በግዕዝ ፊደል፥ በፓስፖርት ደግሞ በእንግሊዝኛ አጻጻፍ ይጻፋል። ሦስቱ አልተስማሙም ተብሎ ገንዘቡን ሳይቀበል የሚመለስ ሰው አለ። በ2015 ዓ.ም. አዋጅ የወጣለት የፋይዳ መታወቂያ የጣት አሻራንና የዓይን ብሌንን ስለሚመዘግብ ብዙ ያግዛል፤ ነገር ግን አሻራው አንድ ሆኖ ስሙ በየመዝገቡ ልዩ ልዩ ሆኖ የቆየን ሰው ጉዳይ የሚያስማማው መኪናው ብቻውን አይደለም። ሀንና ሐን፥ አንና ዐን፥ ሰንና ሠን በፍለጋ ጊዜ እንደ አንድ የሚቈጥር፥ ሲጽፍ ግን ባለቤቱ እንደ ጻፈው የሚጠብቅ ፕሮግራም መጻፍ የእኛ ፈንታ ነው። ይህን ለመጻፍ የአንድ ቀን ሥራ ይበቃል፤ ሰው የሚያስፈልገው መሆኑን ለማወቅ ግን በመስኮቱ ፊት ከተሰለፉት ጋራ መቆም ያሻል።

ሁለተኛው ቀን ነው። በዚህ ከተማ መሥሪያ ቤቱ በኢትዮጵያ አቈጣጠር፥ ከሐርጌሳ ጋራ የሚነግደው በፈረንጅ አቈጣጠር፥ ጾሙና ዒዱ ደግሞ በሒጅራ አቈጣጠር ይሄዳል። ዓመት 12 ወር ብቻ ነው ብሎ የተጻፈ ፕሮግራም በጳጉሜን የተወለደን ሕፃን አይቀበልም። ጳጉሜንም 5 ቀን ብቻ ነው ብሎ የተጻፈ ፕሮግራም ዓመተ ምሕረቱ ለ4 ሲካፈል 3 በሚተርፍበት ዓመት፥ ለምሳሌ በ2015፥ ስድስተኛውን ቀን አላውቀውም ይላል።

ከዚህ የሚከብደው ግን ቀኑን የማያውቀው ሰው ጉዳይ ነው። አርብቶ አደሩ ልደቱን የሚቈጥረው በድርቅና በዝናብ ስም ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1974 እና በ75 ሶማሊዎች «ዳባዴር» ብለው የጠሩት ድርቅ ለስንቱ ሰው የልደት ምልክት ሆኖ ይኖራል። ቅጹ ግን ቀን ካልተሞላ አላልፍም ስለሚል፥ ጸሐፊው ጃንዋሪ 1 ብሎ ይሞላና ያልፋል። ከዚህ የተነሣ በስደተኞች መዝገብ ዘንድ በጃንዋሪ 1 የተወለደው ሰው ብዛት የተፈጥሮን ሕግ የሚያፈርስ ነው። ይህ ማንን ይጎዳል? ለትምህርት የደረሰውንና ያልደረሰውን ሕፃን፥ ጡረታ የሚገባውንና የማይገባውን ሽማግሌ ይጎዳል። «ቀኑ አይታወቅም፤ ዘመኑ በግምት ይህ ነው» የሚል አንድ ሣጥን በቅጹ ላይ ቢጨመር ግን መዝገቡ ሐሰት ከመናገር ይድን ነበር። አላውቅም ለማለት የማይፈቅድ ፕሮግራም ሰውን ውሸት ያስተምራል።

ሦስተኛው ገንዘብ ነው። ከዚህ 70 ኪሎ ሜትር ያህል በሚርቀው በቶጎ ውጫሌ የሚነግድ ሰው በአንድ ኪሱ ብር፥ በሌላው ዶላር ወይም የሶማሊላንድ ሽልንግ ይዟል። ከድንበሩ ማዶ ቴሌሶም እ.ኤ.አ. በ2009 የጀመረው ዛድ የተባለው የስልክ ገንዘብ የመንገድ ዳር ቸርቻሪ ሳይቀር ይገበያይበታል። ከወዲህ ደግሞ ኋላ ሸበሌ ባንክ የሆነው የሶማሌ ማይክሮፋይናንስ ተቋም ሄሎካሽን በክልሉ አስፋፋ፤ በግንቦት 2013 ዓ.ም. ቴሌብር ተጀመረ። በሲቲ ዞን በደወሌ በኩል ለሚወጣ ነጋዴ የጅቡቲ ፍራንክ ይጨመርበታል። ፍራንኩ እንደ ብር በሳንቲም አይከፈልም፤ ስለዚህ ለማንኛውም ገንዘብ የመጨረሻዎቹ ሁለት አኀዞች ሳንቲም ናቸው ብሎ የሚያስብ ፕሮግራም 1,000 ፍራንክን 10 ፍራንክ ሊያደርገው ይችላል።

በዚህ ላይ መብራትና መረብ ይቋረጣሉ። የጫት ነጋዴውን ተመልከቱ። ከአወዳይ የተነሣው ጫት ሳይጠወልግ በጅግጅጋ አልፎ ወደ ውጫሌ መድረስ አለበት፤ ክፍያውም ከዚያው ፍጥነት ጋራ መሄድ አለበት። ነጋዴው «ላክ» የሚለውን ተጭኖ መረቡ ቢቋረጥ ገንዘቡ ሄዷል ወይስ አልሄደም? ካልሄደ መስሎት ደግሞ ቢጫነውስ ሁለት ጊዜ ይከፍላልን? ለዚህ በሙያችን ሁለት የቆዩ ደንቦች አሉ። አንደኛው፥ ከላኪው መቀነስና ለተቀባዩ መጨመር እንደ አንድ ሥራ ይቈጠር፤ ሁለቱም ካልተፈጸሙ አንዱም እንዳልተፈጸመ ይሁን ይላል። ሁለተኛው፥ እያንዳንዱ ትእዛዝ የራሱ ቁጥር ይኑረው፤ ያው ቁጥር ሁለተኛ ከመጣ «ይህን ፈጽሜዋለሁ» ተብሎ ይመለስ እንጂ ሁለተኛ አይከፈል ይላል። መረብ በማይቋረጥበት አገር ይህን የዘነጋ ሰው ለብዙ ጊዜ ሳይታወቅበት ሊኖር ይችላል። እዚህ ግን እስከ ምሳ ሰዓት አይቆይም። ስለዚህ አካባቢያችን ለዚህ ሙያ መጥፎ ስፍራ ነው ብላችሁ አትዘኑ፤ ጥብቅ መምህር ነው በሉ።

አራተኛው ስልኩን የያዘው ሰው ነው። ማንበብ የማይችሉ አንዲት እናት ገንዘብ ሲላክላቸው ስልኩን ለባለሱቁ ልጅ ይሰጡታል፤ የምሥጢር ቁጥራቸውንም ከፍ ባለ ድምፅ ይነግሩታል። እኛ በቢሮ ተቀምጠን ስለ ምሥጢር ቁጥር ጥንካሬ ስንከራከር ምሥጢሩ በገበያ መካከል ይነገራል። እኒህ እናት አልሠለጠኑም ማለት ቀላል ነው። ማንበብ ለማይችል ሰው በማንበብ ብቻ የሚከፈት በር የሠራውን ሰው ግን ምን እንበለው? በሶማሊኛ ድምፅ የሚናገር፥ ላኪው ማን እንደ ሆነና ስንት ብር እንደ ላከ ለባለቤቷ ብቻ በጆሮዋ የሚነግር አገልግሎት ዛሬ ሊሠራ የሚችል ነው።

3ኛ. ሥራውና ሕይወት

አሁን ወደ ራሳችን ልመለስ። ይህ ሥራ ደስታ አለው። ከባዶ ተነሥቶ የሚሠራ ነገር ማቆም፥ ለሦስት ቀን እንቢ ያለ ስሕተት ተገኝቶ ሲታረም ማየት፥ ከዚህ የሚበልጥ የአእምሮ ደስታ ጥቂት ነው። ነገር ግን ዋጋ ያስከፍላል። ዓይን ይደክማል፤ ወገብ ይታመማል፤ ዘመድ ሲመጣ «ቆይ አንድ ጊዜ» እየተባለ ዘመድ ይርቃል።

ስለ ሌሊት ሥራም አንድ ቃል ልናገር። ከእኛ መካከል ጫት ይዞ ሌሊቱን ካላደረ ፕሮግራም የሚጻፍ የማይመስለው ብዙ ነው። በምርቃና ጊዜ አሳቡ ሁሉ ታላቅ ይመስላል፤ ጣትም ይፈጥናል። ጧት ሲነበብ ግን ታላቁ አሳብ ጸሐፊው ራሱ የማይገባው ጽሑፍ ሆኖ ይገኛል። ፕሮግራም የሚጻፈው ለኮምፒዩተሩ ብቻ አይደለም፤ ነገ ሊያርመው ለሚመጣ ሰው ጭምር ነው። የሚመጣው ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ ራስህ ነህ። ስለዚህ በቀን ጻፉ፤ በሌሊት ተኙ። ምክሬ አሰልቺ ቢሆንም እውነት ነው።

ቀጥሎ የሰው ሥራ ስለ መገልበጥ ነው። ሶማሊዎች በግጥም ረገድ አንድ የከበረ ልማድ አላቸው። የሌላውን ግጥም በቃሉ ያጠና ሰው ከማሰማቱ በፊት የገጣሚውን ስም ይጠራል፤ ቃሉንም ሳይለውጥ ለማቅረብ ይጠነቀቃል። ይህ ሕግ የቆመው ማተሚያ ቤት በሌለበት፥ የደራሲ መብት ጽሕፈት ቤትም ባልነበረበት ዘመን ነው። እኛ ግን ባለፈው ዓመት ተመራቂ የጻፈውን ፕሮግራም ስሙን ፍቀን የራሳችንን እንጽፍበታለን። መገልበጥ በራሱ ነውር አይደለም፤ ዓለም የሚሠራበት ሶፍትዌር ብዙው በነጻ የተሰጠና በላዩ የተገነባ ነው። ነውሩ የባለቤቱን ስም መሰወርና ሳይረዱት መውሰድ ነው።

ከዚህም ጋራ የዘመናችን ታላቅ ጥያቄ ይመጣል። ዛሬ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚባለው ኮምፒዩተር በአማርኛ ወይም በእንግሊዝኛ ቢነግሩት ፕሮግራሙን ራሱ ጽፎ ያቀርባል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና የገባችሁ ብዙዎች «ታዲያ ለምን እንማራለን?» ብላችሁ እንደምትጠይቁ አውቃለሁ። መልሴ አጭር ነው። ኮምፒዩተሩ መጻፍን ሊረከበን ይችላል፤ አደራን ግን አይረከብም። በውጫሌ ገንዘቧ የጠፋባት ሴት የምትከሰው አስተውሎቱን አይደለም፤ የምታለቅሰውም ወደ እርሱ አይደለም። «ይህን እኔ አይቼዋለሁ፥ እኔም መልስ እሰጥበታለሁ» የሚል ሰው ያስፈልጋታል። ያ ሰው የተጻፈውን ማንበብና መመርመር ካልቻለ ቃሉ ከንቱ ነው። ስለዚህ ትምህርቱ ቀረ ማለት አይደለም፤ ይልቁንም ሚዛኑ ከመጻፍ ወደ መመርመር ዞረ።

በመጨረሻም ስለ መሄድና ስለ መቅረት። ከእናንተ መካከል አንዳንዱ ወደ አዲስ አበባ፥ አንዳንዱ ወደ ናይሮቢ ወይም ወደ ዓረብ አገር እንደሚሄድ የታወቀ ነው። የሚሄደውን አልነቅፍም፤ እንጀራ ፍለጋ ነውር ሆኖ አያውቅም። የማዝነው ሰው ሲሄድ ሥራው አብሮት ስለሚሞት ነው። ከብት ያለው ሰው ሩቅ መንገድ ሲሄድ ከብቱን ለሚጠብቅለት ሰው ቈጥሮ ያስረክባል፤ የትኛዋ እንደምታልብ፥ የትኛዋ እንደታመመች ይነግረዋል። ከሶፍትዌር ሥራም ትልቁ ክፍል ከተጻፈ በኋላ ያለው ጥበቃ ነው። ሕጉ ይለወጣል፥ የገንዘቡ ዋጋ ይለወጣል፥ ስልኩ ይለወጣል፤ ፕሮግራሙም አብሮ ካልታረመ ትናንት የሰጠው እውነተኛ ፍርድ ዛሬ ሐሰተኛ ይሆናል። በየዓመቱ ለመመረቂያ ስንት መልካም ፕሮግራም ይጻፋል! የክሊኒክ መዝገብ፥ የከብት ገበያ ዋጋ መንገሪያ፥ የትምህርት ቤት ውጤት ማሳወቂያ ተብሎ ይጻፋል። ለፈታኞች አንድ ቀን ይታያል፤ ማርክ ይሰጥበታል፤ ከዚያ በኋላ በመደርደሪያ ላይ አቧራ ይጠጣል። ይህ የተማሪው ድካም ብቻ አይደለም የባከነው፤ ሊገለገልበት ይችል የነበረ ሰው ተስፋም ባክኗል።

ስለዚህ ለማኅበራችሁ ሦስት አሳብ አቅርቤ ልጨርስ።

አንደኛ፥ ማንም ተማሪ የመመረቂያ ፕሮግራሙን አንድ መስመር ከመጻፉ በፊት ለሚጠቀምበት ሰው ቤት ወይም ሱቅ ሄዶ ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን ይቀመጥ። ጥያቄ ይዞ ሳይሆን ዓይኑን ይዞ ይሂድ።

ሁለተኛ፥ በእያንዳንዱ ፕሮግራም ፊት፥ ሰው ሊያየው በሚችልበት ስፍራ፥ ኃላፊነቱን የሚወስደው ሰው ስምና መገኛው በአማርኛና በሶማሊኛ ይጻፍ። የሐዋላው ወኪል በሱቁ እንደሚገኝ እኛም በስማችን እንገኝ።

ሦስተኛ፥ ማኅበሩ የርክክብ ደንብ ያውጣ። ተመራቂው ሥራውን ለታናሹ ተማሪ በጽሑፍ ያስረክብ፤ ምን እንደሚሠራ፥ ምን እንደማይሠራ፥ ምን ስሕተት እንደ ቀረበት ሳይደብቅ ይንገረው። ታናሹም ተቀብሎ ያርመው፤ በጊዜው ደግሞ ለሌላው ያስረክብ። መምህራኖቻችንም ማርኩን ለአዲስ ጽሑፍ ብቻ ሳይሆን የተረከቡትን በመልካም ለሚጠብቁትም ቢሰጡ አሳቡ ሥር ይሰድዳል።

ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው ገንዘብ ጥቂት ነው። አዲስ መሣሪያም ሆነ ከሩቅ አገር የሚመጣ ሊቅ አይጠይቅም። የሚጠይቀው በአማርኛ አደራ፥ በሶማሊኛ አማኖ የምንለውን ያንኑ ነገር ነው፤ እርሱም በሁለቱም ቋንቋ ከኮምፒዩተሩ በፊት የነበረ ነው።